ሥርዓቱ ከየት ይምጣ? ከደብረ ታቦር ማኅሌት እስከ ሰፈር የቴአትር ክበብ

ልምምዱ የተቀጠረው ለ8 ሰዓት ነበር። እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ ደረስኩ። አዳራሹ ውስጥ ከጥበቃው በቀር ሰው የለም። 9 ሰዓት ሲሆን አምስት ልጆች መጡ። ኪቦርድ ተጫዋቹ 9 ተኩል ላይ ደረሰ። ዋናዋ ተዋናይት "ሰርግ አለብኝ" ብላ መልእክት ልካ ስልኳን ዘግታለች። የሄድኩት ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ የአማተር ቴአትር ክበብ ለበዓል ሙዚቃዊ ተውኔት ሲያዘጋጅ ለማየት ነበር። ያየሁት ግን ጭቅጭቅ ነው።

ጭቅጭቁ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው የጣዕም ነው። የክበቡ አማካሪ በደርግ ዘመን ቀበሌ ኪነት ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። "ተውኔቱን በዘፈን አጥለቀለቃችሁት፤ ቴአትር እኮ ቃል ነው" አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ "ጋሼ፣ ዘፈን ከሌለው ማን ይገባልናል?" ብለው መለሱ። ሁለተኛው የሥርዓት ነው። "በእኛ ጊዜ ማርፈድ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። የዛሬ ልጅ ሥርዓት የለውም" አሉ ጋሼ። ልጆቹ ዝም አሉ። ዝምታቸው ግን የመስማማት አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጥያቄዎች ከራሴ አልወጡም። ዘፈንና ተውኔት መቼ ተጣልተው ያውቃሉ? ጋሼ የሚናፍቁት ሥርዓትስ ከየት የመጣ ነበር? ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው መልሱ ሁለቱም ወገኖች እንዳሰቡት አይደለም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ከጣዕሙ ልጀምር። የዘመናዊ ቴአትራችን ታሪክ ሲነገር በ1910ዎቹ መጀመሪያ ከቀረበው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተረት ይነሳል። ሩሲያ የተማሩት ደራሲ በእንስሳት አስመስለው መኳንንቱን ሸነቆጡ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ቴአትርን ከለከሉ። ያ ሥራ በእርግጥ በቃል የቆመ ነበር። ቴአትሩ እንደገና ነፍስ ሲዘራ ግን ከዜማ ጋር ሆኖ ነው የመጣው።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልዶ በቅኔ ትምህርት ያደገው ዮፍታሔ አዲስ አበባ መጥቶ መምህር ሲሆን ተማሪዎቹን ይዞ ተውኔት ማዘጋጀት ጀመረ። "አፋጀሽኝ"ን የመሳሰሉ ተውኔቶቹ በግጥም የተጻፉ፣ መዝሙርና ዜማ የተቀላቀለባቸው ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን 40 የአርመን ልጆች ያሠለጠነው ኬቮርክ ናልባንዲያንም አብሮት ሠርቷል። እስከ አብዮቱ የዘለቀው ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ፣ ዜማው የኬቮርክ መሆኑን አብዛኞቻችን እናውቃለን። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለመድረክም እንደተባበሩ ግን እምብዛም አናነሳም። አንዱ ከቅኔ ቤት ሌላው ከነሐስ ባንድ መጥተው በአንድ ልምምድ ክፍል ተገናኙ። ሙዚቃዊ ተውኔታችን ከቴሌቪዥን የተቀዳ የትናንት ፋሽን አይደለም።

ቀጥሎ በ1927 ዓ.ም. በእነ መኮንን ሀብተ ወልድ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር አለ። ከነፃነት በኋላ ሀገር ፍቅር ቴአትር ያሳይ የነበረው ዝግጅት ድብልቅ ነበር፤ አዝማሪው ይዘፍናል፣ ውዝዋዜ ይታያል፣ ተውኔት ይቀርባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ከተዋንያኑ ጎን ኦርኬስትራ ነበረው፤ ያንን ኦርኬስትራ ለረጅም ጊዜ ካሠለጠኑት አንዱ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። ስለዚህ የክበቡ ልጆች "ዘፈን ከሌለው ሰው አይገባልንም" ሲሉ አዲስ ነገር አልተናገሩም። በጣዕሙ ክርክር ታሪክ ከልጆቹ ጋር ነው።

ሥርዓቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባን ትቼ ወደ ቤታችን ልመለስ።

ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው። የድጓ መምህር መሆን የሚሻ ሰው ለማስመስከር የሚሄደው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ይኬዳል። ደብረ ታቦር ደግሞ የተክሌ አቋቋም አላት። ይህ የመጨረሻው ታሪክ ለዛሬው ክርክራችን ቅርብ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልናገረው።

አለቃ ገብረ ሐናን በቀልዳቸው የማያውቅ የለም። ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱ የጣና ዳር ሰው ናቸው። ቀልዳቸው ሊቅነታቸውን ስለሸፈነው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ትውፊቱ እንደሚለው አለቃ የጣናን ማዕበልና በዳርቻው ነፋስ የሚያወዛውዘውን ደንገል እያዩ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። መቋሚያው፣ ትከሻውና አንገቱ እንደ ውሃው ቀስ ብሎ ሄዶ ቀስ ብሎ ይመለሳል። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም፤ ከአባቶች ያልወረደ ነው አሉ። ስልቱን ልጃቸው ተክሌ ተማረውና ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው። ጎንደር የገፋችውን ደብረ ታቦር ተቀበለች። ከዚህ ወጥቶም በአገሩ ተሰራጨ፤ ስሙም በልጁ "የተክሌ" ተባለ።

ላለመሳሳት አንድ ነገር ላስቀምጥ። ማኅሌት ተውኔት ነው እያልኩ አይደለም። ማኅሌት ጸሎት ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው በአንድ ድምፅና በአንድ እንቅስቃሴ እንዴት ሊሠራ ይችላል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው በአገራችን ከማኅሌት የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ይቆማሉ። መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ከዚያ መቋሚያው ይገባል፣ ጸናጽሉ ይከተላል፣ ከበሮው በመረግድ ቀስ ብሎ ይጀምርና በጽፋት ይፈጥናል። ሌሊቱን ሙሉ። ማንም ብቻውን አይደምቅም። አንዱ መቋሚያውን ያለ ቦታው ቢያነሳ ፊት ለፊቱ የቆሙት ሁሉ ያዩታል፤ ተቆጣጣሪ አያስፈልግም፤ ሥራው ራሱ ያጋልጠዋል።

ከታሪኩ የምወስደው ይህን ነው፤ አዲስ ጣዕም ያመጣው በአገሩ የታወቀ ቀልደኛ ሰው ነው። ጣዕሙ ሥር የሰደደው ግን ልጁ ቁጭ ብሎ ስላስተማረው ነው። ሌላ ሰው ሊማረው፣ ሊያርመውና ሊያስተላልፈው የሚችል ሥርዓት ስለነበረው ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። አዲስነትና ሥርዓት ጠላቶች ናቸው የሚል ሰው ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ ይህን ማለት አይችልም።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም ይኸው ትምህርት አለ። በቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ከተማችን ስሟን ባገኘችበት በዓል ልጆች ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ልብ ብላችሁ እዩ። አንድ አውራጅ አለ፤ ሌሎቹ ተቀባዮች ናቸው። ዱላው መሬት የሚመታው በአንድ ላይ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ እንኳን ዱላውን አዛንፎ ቢመታ ጓደኞቹ ዞረው ያዩታል። ሙልሙሉ የሁሉም ስለሆነ ጥፋቱም የሁሉም ነው።

አዝማሪው ግን የተለየ ባሕርይ አለው። መሰንቆውን ይዞ ብቻውን ይቆማል፤ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፤ ከአድማጩ ተቀብሎ ያዞረዋል። ትልቅነቱ ያልተጠበቀ ነገር በመናገሩ ነው። በ1955 ዓ.ም. ግብፃዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል-ዳብህ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና ተጫዋቾችን ከየአካባቢው ሰብስቦ በአንድ መድረክ አስቀመጣቸው። ብቻውን ሲጫወት ለኖረ ሰው ተራ መጠበቅና ሌላውን ሰምቶ መግባት አዲስ ሥራ ነበር። ያም ሆኖ ተቻለ፤ ቡድኑ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ታየ። የአዝማሪ ደም ያለበት ሰው ሥርዓት አይገባውም የሚለውን ወሬ የሚያፈርስ ታሪክ ነው።

አሁን ጋሼ ወደሚናፍቁት ዘመን እንምጣ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ኪነት ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር ተዋቀረ። በየቀበሌው ወጣቱ ይመዘገባል፤ ይዘፍናል፤ ይወዛወዛል፤ አጭር ድራማ ይሠራል። የተሻለው ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ አውራጃ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገር ያልፋል። የወሎ ላሊበላ፣ የጎንደር ፋሲለደስ፣ የጎጃም ግሽ ዓባይ ኪነቶች ስማቸው እስከ ዛሬ አለ። እነማሪቱ ለገሠ በዚህ መንገድ አልፈዋል። በ1980 ዓ.ም. በዓለም የዞረው "ሕዝብ ለሕዝብ" የተሰኘው ዝግጅትም ከዚያ ዘመን የተገኘ ነው። ኪነትን "ፕሮፓጋንዳ ነበር" ብሎ ማለፍ በደል ነው። ለብዙ የገጠርና የትንሽ ከተማ ልጅ፣ በተለይ ለሴቷ፣ መድረክ ላይ ለመቆም የመጀመሪያው ዕድል ነበር።

ግን ያ ሥርዓት ከየት ይመጣ ነበር? ጋሼን ቡና ጋብዤ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርተን ነበር" አሉኝ። መቅረት ማለት ከወጣት ማኅበሩ መቅረት ነው፤ ከማኅበሩ መቅረት ደግሞ "ለምን?" ያስብላል። ያ "ለምን?" በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። መዋቅሩ በ1983 ዓ.ም. ሲፈርስ አብዛኛው የቀበሌ ኪነት አብሮ ተበተነ። ክራሩም ከበሮውም ነበር፤ ዘፋኞቹም በሕይወት ነበሩ። የሄደው ፍርሃቱ ነው። ፍርሃቱ ሲሄድ ሰዓት የሚያስከብር ሌላ ነገር አልተገኘም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የተክሌ አቋቋም መንግሥታት ሲለዋወጡ አልጠፋም። የቀበሌ ኪነት ግን ካቋቋመው መንግሥት ጋር ወደቀ። የመጀመሪያው ሥርዓት ከሥራው ውስጥ የወጣ ነው፤ ሁለተኛው ከላይ የተጫነ ነው። እኛ "ሥርዓት ጠፋ" ስንል ብዙ ጊዜ የምናለቅሰው ለሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ልቃወም። የአብነት ተማሪ ሌሊት ተነስቶ የሚያጠናው ሕይወቱ ስለሆነ ነው፤ ነገ መሪጌታ ይሆንበታል። የአማተር ክበብ ልጅ ነገ ምን ይሆናል? ደመወዝ የለውም፤ የታክሲውን ከኪሱ ይከፍላል። ደግሞም ማኅሌት የወንዶች ቦታ ነው፤ የክበባችን ግማሽ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ማኅሌቱን እንዳለ ገልብጠን አናመጣውም።

የሴቶቹን ነገር ያስተማረችኝ ያች "ሰርግ አለብኝ" ያለችው ተዋናይት ናት። ከሳምንት በኋላ አገኘኋት። ሰርግ አልነበረም። ልምምዱ ሲያልቅ ይመሻል፤ ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ባለው ሁኔታ አባቷ ከመሸ እንድትወጣ አይፈቅዱም። "አባቴ ከለከለኝ" ከማለት "ሰርግ አለብኝ" ማለት ቀለላት። እኛ ሥርዓት የላትም ብለን የጻፍናት ልጅ የቤቷን ሥርዓት እየጠበቀች ነበር። ጥፋቱ ለመምጣት በማትችልበት ሰዓት የቀጠርናት የእኛ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለክበቦቻችን ሦስት ነገር ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጣዕም መጨቃጨቁን እንተው። ዘፈኑ ይግባ። ግን ዘፈኑ ታሪኩን ወደፊት ይግፋ፤ ሰው እንዲያጨበጭብ ብቻ የተሰካ ከሆነ ጋሼ ትክክል ናቸው።

ሁለተኛ፣ ተቀባዩን እናክብር። የክበቦቻችን ችግር ሁሉም አውራጅ መሆን መፈለጉ ነው። ዋናዋ ከቀረች ልምምዱ ይበተናል፤ የእሷን ዜማ የሚያውቅ ሌላ የለማ። በማኅሌት እንደዚያ የለም፤ ሁሉም ሁሉንም ያጠናል። ሁሉም ሰው የሁሉንም ዜማ የሚያውቅበት ክበብ አንድ ሰው ስለቀረ አይቆምም። ያረፈደውም መቅረቱ ሳይሆን ሥራው ያለ እሱ መሄዱ ይሰማዋል። ከቅጣት ብር ይልቅ ይህ ሰው ያስመጣል።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱን ከሚመጡት ሰዎች ጋር እንቁረጥ። ቀድሞ የተወሰነ ሰዓት ላይ ሰው አልመጣም ብሎ መቆጣት የቀበሌ ልማድ ነው።

ክበቡ አሁን የሚለማመደው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ባለፈው ስሄድ ከ14ቱ 12ቱ ነበሩ፤ ተዋናይቷም መጥታለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን አሁንም አርፍዷል። ጋሼ ጥግ ላይ ቆመው በመዳፋቸው ጭናቸውን እየመቱ ምቱን ይይዙላቸው ነበር፤ ልጆቹም በእሳቸው ምት ጀመሩ።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። በደብረ ታቦር፣ በእስቴ፣ በፎገራ፣ በጋይንት፣ በስማዳ በኪነት ውስጥ ያለፋችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ ያለፉ፣ እባካችሁ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ። ልምምዱ የት ነበር? ምን ዘፈናችሁ? ማን አስተማራችሁ? ፎቶ ካላችሁም ላኩልኝ። የአለቃ ገብረ ሐናን ስልት የምናውቀው ልጃቸው ስላስተማረው ነው። የኪነቱን ዘመን ልጆች ሳንጠይቃቸው ካለፉ ግን የሚነግረን አናገኝም።