ስም የሰጠው ምንጭ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ «የብር ምንጭ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለው የጋዜጣ አዘጋጅ በማይካ ብናኝ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ምንጭ አገኘና በአጠገቡ ቤት ሠራ። ምንጩ ደርቋል፤ ቦታው ዛሬ ኤኮርን ፓርክ የተባለ ትንሽ መናፈሻ ነው።

መሬቱ በአስፋልትና በጣራ ሲሸፈን፣ ዝናቡ መስረጉን ትቶ የመንገዱን ዘይትና ጉድፍ እየጠረገ ወደ ስላይጎ ጅረት፣ ከዚያም በአናኮስቲያ በኩል ወደ ፖቶማክ ይወርዳል። በአሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውንማ ዝናቡና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ስለሚሄዱ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሞልቶ ወደ ፖቶማክ ሲገነፍል ኖሯል። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች ይህ እንዲስተካከል ያስገደዱት በ2017 ነው። ሜሪላንድም በ2012 ያወጣችው የጎርፍ ክፍያ ሕግ «የዝናብ ግብር» ተብሎ ተነቅፎ፣ በ2015 ግዴታነቱ ተነሥቷል።

በአገራችን ከአሸንዳ ሥር በርሜል የሚደቀነው ውሃ እንዳይቸግር ነው፤ እዚህ ግን ወንዙ እንዳይቆሽሽ ነው። በ1000 ስኩዌር ጫማ ጣራ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ቢጥል 620 ጋሎን ያህል ይወርዳል። 55 ጋሎን የሚይዝ በርሜል ከዚህ አንድ አሥረኛውን እንኳ አያስቀርም። ሆኖም ሕግ እስኪወጣና እስኪሻር ድረስ ዝናቡ አይጠብቅም። ቀኑን ሙሉ ታክሲ የምንነዳ ሰዎች ደግሞ የመንገዱ ዘይት ከየት እንደሚመጣ ነጋሪ አያሻንም።