የአውሮፕላን ጥገና ፈቃድና የጠረፍ ትምህርት ቤት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ጥገናውን የሚመሩት ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን እየሠለጠኑ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ተረከቡ። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ከጥገና በኋላ ለበረራ ብቁ መሆኑን በፊርማ የማረጋገጥ ሥልጣን የሚገኘው በፈቃድ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት አመልካቹ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው፣ 4 ዓመት፣ ወይም የጸደቀ ሥልጠና ከጨረሰ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው፣ ፈተናውንም ያለፈ መሆን አለበት። ስለዚህ ዲፕሎማ ብቻውን አያስፈርምም። የዚህ ሁሉ መሠረት የሚጣለው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። በሱዳን ጠረፍ በምትገኘው በመተማም ሆነ በአዲስ አበባ ለተማረ ወጣት የፈቃዱ መመዘኛ አንድ ነው፤ ዝግጅቱ ግን እንደ ትምህርት ቤቱ አቅም ይለያያል። በመሆኑም የቆላው ትምህርት ሲታቀድ ቤተ ሙከራና ብቁ መምህር ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።