እሾህን በእሾህ፦ የሮም ጨረርና የኩላሊት ጋሻ

ሮም ስትነሣ ለኛ ቀድሞ የሚታወሰን ዶጋሊ፣ ዐድዋና ማይጨው ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው የዶጋሊ ሐውልትም ይህንኑ ያስታውሰናል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ግን፣ ፓኒስፔርና በተባለው ጎዳና፣ ብዙዎቻችን ሳናውቀው የምናልፈው ሌላ ታሪክ አለ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በጥቅምት 1934 ኤንሪኮ ፌርሚና ወጣት ባልደረቦቹ በዚያ ጎዳና በነበረው የፊዚክስ ተቋም፣ ፍጥነቱ የቀነሰ ኒውትሮን በአቶሞች በቀላሉ እንደሚዋጥና ራዲዮአክቲቭ እንደሚያደርጋቸው አገኙ። በዓመቱ ሙሶሊኒ አገራችንን ወረረ። በ1937 በቅኝ ግዛቱ የጀመረው የዘር ሕግ በ1938 በአገር ቤት አይሁዳውያን ላይ ታወጀ። ሚስቱ አይሁዳዊት የነበረችው ፌርሚም የኖቤል ሽልማቱን ሊቀበል በወጣበት ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

ዕውቀቱ ግን ከወራሪው ጋር አልቀረም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ1997 ጀምሮ ስንቱ ወገናችን የታከመበት ኮባልት 60፣ ዛሬም ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች በደም ሥር የሚሰጠው ሉቴሲየም 177፣ የሚሠሩት አቶምን ኒውትሮን በማስዋጥ ነው።

ይሁን እንጂ ጨረር ወዳጅና ጠላት አይለይም። በ1953 ሉክስተን የተባለ የማንቸስተር ሐኪም፣ ሆዳቸው በጨረር ከታከሙ ሰዎች መካከል የአንዳንዶቹ ኩላሊት ከወራት በኋላ እንደሚደክምና የደም ግፊታቸውም እንደሚንር በዝርዝር ጻፈ። ሉቴሲየምን የተሸከመው መድኃኒትም በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ከፊሉ እዚያው ይቀራል።

ታዲያ ጋሻው ከየት መጣ? ከእባብ መርዝ! በ1965 ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬራ በጃራራካ እባብ መርዝ ውስጥ ያገኘው ንጥረ ነገር፣ በ1970ዎቹ ለተሠራው ካፕቶፕሪል ለተባለ የደም ግፊት መድኃኒት መነሻ ሆነ። መሐንዲስ ነኝና በቁልፍ ላስረዳ። አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለው ሆርሞን ቁልፍ ነው፤ በደም ሥርና በኩላሊት ሕዋሳት ላይ ያለው ተቀባይ ደግሞ ጓጉንቸር። ሲከፈት የደም ሥር ይጠብባል፣ ኩላሊትም ቀስ በቀስ ይጠባሰላል። ካፕቶፕሪል ቁልፉ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ በ1995 አሜሪካ የፈቀደችው ሎሳርታን ደግሞ የቁልፉን ቀዳዳ ይደፍናል።

በ1990ዎቹ በሚልዋኪ ከተማ ሞልደር፣ ፊሽና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህ መድኃኒቶች ጨረር የተቀበሉ አይጦችን ኩላሊት እንደሚጠብቁ አሳዩ፤ መድኃኒቱ ከጨረሩ ሳምንታት ዘግይቶ ቢጀመር እንኳ። በ2008 የወጣው በሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ሙከራ ግን ተስፋ ሰጠ እንጂ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ስለዚህ ማንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሞክረው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር ጎጂ ነው።

ለመሆኑ ቀሪውን ማን ያጣራው? የሎሳርታን የባለቤትነት መብት ጊዜው አልፏል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ትርፍ የማያስገኝ ነገር ለማጥናት ትልልቆቹ ኩባንያዎች አይቸኩሉም። ጉዳዩ ይበልጥ የሚያንገበግበው የኩላሊት እጥበት ቤት ንብረት የሚያሸጥበትን አገር ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው እንኳ በ2015 ነው።

በበኩሌ፣ በውጭ ያለን ሐኪሞችና መሐንዲሶች ከአገር ቤት ባልደረቦቻችን ጋር ከቀላሉ እንጀምር እላለሁ። ኩላሊቱ ጨረር ያገኘውን ሕመምተኛ ሁሉ መዝግቦ፣ የደም ግፊቱንና የኩላሊቱን ምርመራ ለዓመታት መከታተል ሚሊዮን ዶላር አይጠይቅም። ያለዚያ መዝገብ ጋሻው ለማን እንደሚጠቅም ማወቅ አይቻልም።

ቸር ያሰንብተን።