347 ክፍል ያለው ቤት ማን ሠራው?

ዛሬ ስለ ማዳም አይደለም የምጽፍላችሁ፣ ስለ አንድ ቤት ታሪክ ነው። ደሞዝም አለበት፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሪያንካ ቾፕራን የማታውቅ መቼም የለችም። በ2018 የሠርግ ድግሷ የተደረገው ህንድ፣ ራጃስታን ውስጥ፣ ጆድፑር የምትባል ከተማ ባለ ቤተ መንግሥት ነው። ኡመይድ ባዋን ይባላል። 347 ክፍል አለው! እኛ አምስት መኝታ ቤት ወልውለን ወገባችን ይቆረጣል።

ሰው ሲያየው ሀብት ብቻ ነው የሚታየው። የተጀመረው ግን በረሃብ ምክንያት ነው። ጆድፑር በረሃ ዳር ያለች አገር ናት። ያኔ ህንድ በእንግሊዝ ሥር ብትሆንም ጆድፑር የራሷ ንጉሥ ነበራት። በ1920ዎቹ ዝናቡ ተከታትሎ ቀረና ገበሬው ተራበ፣ ንጉሡን ኡመይድ ሲንግን ሥራ ስጠን አለው። እሱም ቤተ መንግሥት አሠራቸው። እኛ አገር ሴፍቲኔት እንደሚባለው ነው፣ ሠርተህ ብላ።

የመሠረት ድንጋዩ በኅዳር 1929 ተጣለ፣ ሥራው በ1943 አለቀ። አሥራ አራት ዓመት! የገበሬው እንጀራ ስለሆነ ቶሎ ይለቅ ተብሎ አልተቸኮለም። ድንጋዩን ከካባው የሚያመጣ የባቡር ሐዲድ ለብቻው ተዘረጋ። የሚገርመው ደግሞ ግድግዳው ሲሚንቶ የለውም። ድንጋዩ እየተጠረበ አንዱ አንዱ ውስጥ ገብቶ እንዲቆለፍ ተደርጎ ነው የቆመው። ያንን የሠራ እጅ ተራ እጅ አይደለም። ታሪኩ ሲነገር ግን ንድፉን ያወጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ላንቸስተር በስሙ ይጠራል፣ ሠራተኞቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት፦ ከ2,000 እስከ 3,000 ሰው።

ከለንደን የታዘዘው የቤት ዕቃ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ በ1942 መርከቡ ሰጥሞ ባሕር ውስጥ ቀረ። ስቴፋን ኖርብሊን የሚባል ከፖላንድ የተሰደደ ሠዓሊ ነው ዕቃውን እንደገና ነድፎ ግድግዳውንም በሥዕል የሞላው። ስደተኛ እዚህም አለ እንግዲህ።

ንጉሡ ደግ ነበር ይላሉ፣ እውነት ነው ሰው በልቷል። ግን እኔ አንድ ነገር ይከነክነኛል። አገሩ የተቸገረው በውሃ ነው። ትልቁን የጃዋይ ግድብ ያስጀመረው በ1946 ነው፣ ቤተ መንግሥቱ ካለቀ ከሦስት ዓመት በኋላ። ግድቡ ቢቀድም ያው ገበሬ ያንኑ ደሞዝ አያገኝም ነበር?

ንጉሡም ብዙ አልኖረበትም፣ በ1947 ሞተ። በዚያው ዓመት ህንድ ነፃ ወጣች፣ ነገሥታቱም አገራቸውን ለመንግሥት አስረከቡ። በምትኩ ሲከፈላቸው የነበረው አበል ደግሞ በ1971 ተቋረጠ። ያን ሁሉ ክፍል በምን ገንዘብ ያስጠብቁት? የልጅ ልጁ ጋጅ ሲንግ ግማሹን ሆቴል አደረገው። አሁን ቤቱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ አንዱ ውስጥ ቤተሰቡ ይኖራል፣ አንዱ ታጅ የሚባል የህንድ ኩባንያ የሚያስተዳድረው ሆቴል ነው፣ አንዱ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የንጉሡ ሰዓቶችና የሸክላ ዕቃዎች ተደርድረዋል፣ የድሮ መኪኖቻቸውም ይታያሉ።

የራጃስታን ልጅ አብራችሁ የምትሠራ ካለች ቺታር ፓላስ በሏትና ጠይቋት። ከቺታር ኮረብታ የመጣ የድሮ ስሙ ነው።