ጤና አዳም በሁለት አገር



በአገር ቤት ከጓሮ ከማይጠፉት ቅጠሎች አንዷ ጤና አዳም ናት። ቡና ሲቀዳ ቅጠሏ ከስኒው ትገባለች። ልጅ ሆዱን ሲቆርጠው ወይም ሰው ጉንፋን ሲይዘው እናቶች መጀመሪያ የሚፈልጉት እርሷን ነው። ከእናንተም መካከል «ጤና አዳምን እዚያው ትተናት መጣን» የሚል አይጠፋም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው፤ ቅጠሏ ከእኛ ቀድማ እዚህ ነበረች።

ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት በዚህ አገር የተጠናቀረው ሚሽና፣ ምድር በሰባተኛው ዓመት ስለምታርፍበት ሕግ በሚናገርበት ክፍል፣ ምዕራፍ 9 መጀመሪያ ላይ «ፔጋም» የምትባል ቅጠል ይጠቅሳል። ፔጋም የጤና አዳም የዕብራይስጥ ስሟ ነው። ከእርሷ አሥራት አይወጣም፤ በሰባተኛውም ዓመት ከማንኛውም ሰው ትገዛለች። ምክንያቱም እርሷን የመሰሉ ቅጠሎች ጠባቂ ሳይኖራቸው በሜዳ ይበቅሉ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ይዘን ስንኖር ሚሽና አልደረሰንም። ቅጠሏን ግን እዚህ የነበሩትም እኛም እናውቃት ነበር። ዛሬም በገሊላና በቀርሜሎስ ኮረብታዎች ማንም ሳይዘራት ትበቅላለች።

በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ከጤና አዳም የሚዘጋጁ 84 መድኃኒቶችን ቆጥሯል። ይኸው ሰው ግን ነፍሰ ጡር ሴት ቅጠሏን ከምግቧ እንድታርቅ፣ ፅንስ እንደምትገድል ጽፎ አስጠንቅቋል። ስለዚህ የቅጠሏ ጥቅምና ጉዳት ከጥንት ጀምሮ አብሮ የታወቀ ነገር ነው።

በክሊኒክ «ዳለኬት» የሚለውን ቃል ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። በአማርኛ ብግነት ይባላል፤ የሰውነት ክፍል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲያተኩስና ሲያም ማለት ነው። በገነ ስንል ተቃጠለ፣ ነደደ ማለታችን ነው። የዕብራይስጡም ቃል ከመንደድ የመጣ ነው። ሁለቱም ሕዝብ ሕመሙን በእሳት መስሎታል። እ.ኤ.አ. በ1842 አንድ ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ከጤና አዳም ወገን ከሆነች ተክል አንድ ንጥረ ነገር አወጣ፤ በተክሏም የላቲን ስም ሩቲን ተባለ። ሩቲንም ሆነ የጤና አዳም ጭማቂ ብግነትን እንደሚቀንሱ በአይጦች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ታይቷል። ሆኖም በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

ከተክል ተነሥቶ እስከ ኪኒን የደረሰ መድኃኒት ለማየት አኻያን እንውሰድ። በሱኮት በዓል ከአራቱ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ የምንይዘው «ዐራቫ»፣ በአገራችንም በየወንዙ ዳር የሚበቅለው አኻያ ነው። በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያ ልጥ ደርቆና ተፈጭቶ ሲጠጣ ትኩሳት እንደሚያበርድ ጻፈ። በ1828 በጀርመን አገር ሳሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር ከልጡ ተለይቶ ወጣ። ከዚያ በተነሣው ምርምር አስፕሪን ተሠርቶ በ1899 ለሽያጭ ቀረበ። እንዴት እንደሚሠራ ግን እስከ 1971 ድረስ አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት ጆን ቬን የተባለው ሊቅ፣ አስፕሪን ብግነትን የሚያነሣሡ ንጥረ ነገሮች በሰውነት ውስጥ እንዳይመረቱ እንደሚያግድ አሳየ። ለዚህም ሥራው በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እንግዲህ እናቶቻችን «ለምን ይሠራል?» ተብለው መልስ ባይሰጡ ሊታፈሩ አይገባም፤ የፋብሪካው ኪኒን ራሱ ከ70 ዓመት በላይ ምክንያቱ ሳይታወቅ ተውጧል። በሌላ በኩል፣ ቅጠል ኃይል አለው ካልን የመጉዳት ኃይልም አለው ማለታችን ነው። አስፕሪን ሕመም ያስታግሣል፤ ጨጓራንም ያደማል። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፣ ውኃም ያስቋጥራል። የዚህን አገር የበጋ ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በብዛት ስትወሰድ ፅንስ ልታስወርድ ስለምትችል ነፍሰ ጡር ሴቶች ይራቋት።

ብዙዎቻችን በኩፓት ሆሊም ስንጠየቅ ስለ ቅጠል አንናገርም፤ እንዳይስቁብን እንፈራለን። ይህ ዝምታ ሊጎዳን ይችላል። አንዳንድ ቅጠል ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት ያበረታል፣ አንዳንዱም ያደክማል፤ ሐኪሙ ደግሞ ያልነገሩትን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በኩፓት ሆሊምም ሆነ በጢፓት ሃላቭ የምትወስዱትን ቅጠል በአስተርጓሚ በኩል ተናገሩ። ስሙን ቢያጡት ቅጠሏን ይዛችሁ አሳዩ፤ «ፔጋም» ወይም «ሩዳ» በሉ። በዚህ አገር የታወቀች ቅጠል ናትና አትፈሩ።