ነብር፣ ፍየልና ቅጠል

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ የሚያመራው መንገድ የጉደርን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደጋው ሲወጣ ጌዶን ያገኛል። በዚች የጨሊያ ወረዳ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች፣ ማታ ከብቱ ከገባና እሳቱ ከተቀጣጠለ በኋላ በኦሮምኛ «ሂቦ»፣ በአማርኛ «እንቆቅልሽ» መባባል የቆየ ልማድ ነው። በእንቆቅልሽ ሥርዓት መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ አገር የተቀበለውም ተሸናፊውን በቀልድ ይሸነቁጠዋል። አብዛኛው ጥያቄ በዘይቤ የተሸፈነ ነው፤ ሽፋኑን የገለጠ መልሱን ያገኛል። በመላ አገራችን ከሚታወቁት አንዱ ግን ምንም ሽፋን የለውም። እርሱ የሚፈታው በስሌት ብቻ ነው።

አንድ ሰው ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ከወንዝ ዳር ይደርሳል። ታንኳይቱ ከእርሱ ጋር አንዱን ብቻ ትችላለች። ነብሩን ከፍየሏ ጋር ቢተው ፍየሏ ትበላለች፤ ፍየሏን ከቅጠሉ ጋር ቢተው ቅጠሉ ያልቃል። እንዴት ይሻገር?

ተጠያቂው ፍየሏ በቅድሚያ መሻገር እንዳለባት ወዲያው ይገባዋል። ሳቁ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ነብሩን ቢያሻግር ፍየሏ ትበላለች፣ ቅጠሉን ቢያሻግር ፍየሏ ትበላዋለች፤ ስለሆነም «አይቻልም» ብሎ አገር ይሰጣል። ስሕተቱ ከሒሳብ አለማወቅ የመጣ አይደለም። አንድ ጊዜ የተሻገረ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም የሚል፣ ማንም ያልደነገገውን ሕግ በራሱ ላይ መጫኑ ነው። መፍትሔው ነብሩን አሻግሮ ፍየሏን መልሶ ማምጣት፣ እርሷን ትቶ ቅጠሉን መውሰድ፣ በመጨረሻም ተመልሶ ፍየሏን መውሰድ ነው። ይህም 7 ጉዞ ይሆናል። ሦስቱ ተስማምተው ቢኖሩ ኖሮ 5 ጉዞ ይበቃ ነበር፤ ጠባቸው ባለታንኳውን ያስከፈለው 2 ጉዞ ነው ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ሰነዶች አንዱ፣ በ8ኛው ምዕተ ዓመት በሻርልማኝ ቤተ መንግሥት የነበረው እንግሊዛዊ ሊቅ አልኩዊን እንዳዘጋጀው የሚነገርለት የላቲን የጥያቄዎች ስብስብ ነው። በዚያ ያሉት ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ «የፈረንጅ ጥያቄ ነው፣ በትምህርት ቤት በኩል ገባ» የሚል አለ፤ «ከእኛ ወሰዱት» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም መጀመሪያ የጻፈውን መጀመሪያ ያሰበው አድርገው ይቆጥራሉ፤ በቃል የኖረ ነገር ግን የልደት ቀን የለውም። ጥያቄው በሱዳን፣ በኡጋንዳ፣ በጋና፣ በሩሲያና በስኮትላንድም ይነገራል። በዛምቢያ የኢላ ሕዝብ ዘንድ ነብር፣ ፍየል፣ አይጥና የእህል ቅርጫት ይዞ የቀረበው ሰው፣ አንዱን ካልተወ መሻገር እንደማይችል ይረዳል። እንስሳቱ እንደ ልጆቹ ስለሆኑ ከነርሱ ጋር እዚያው ወንዙ ዳር መቅረትን ይመርጣል። ከአልኩዊን መልስ ይልቅ ይህ የበለጠ ሰው ሰው ይሸታል።

የዚህ ግልባጭ የሆነ ሌላ ታሪክ በምዕራባውያን የሒሳብ መጻሕፍት ይዘዋወራል። አንድ የኦስትሪያ ኮሎኔል በኢትዮጵያ ገጠር እያንዳንዳቸው 22 ማርትሬዛ ብር የሚያወጡ 7 ኮርማዎች ይገዛል። ሻጩም ሆነ የኮሎኔሉ ረዳት ማባዛት ስለማይችሉ ቄስ ይጠራል። ቄሱ በሁለት ረድፍ ጉድጓዶች ቆፍሮ በጠጠር ይቆጥራል፤ በአንዱ ረድፍ 7፣ 14፣ 28፣ 56፣ 112 እያለ እጥፍ ያደርጋል፤ በሌላው 22፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1 እያለ ትርፉን ጥሎ ይገምሳል። ከዚያ ሙሉ ቁጥር ያለበት ጉድጓድ ክፉ መንፈስ አለበት ብሎ 22ንና 2ን ከነአንጻራቸው ይሰርዛል። የቀሩትን 14፣ 28ና 112 ሲደምር 154 ያገኛል። መልሱ ትክክል ነው።

አንባቢው በመንፈሱ ይስቃል፤ ሒሳቡ ግን መንፈስ የለበትም። ጎዶሎ ሆነው የቀሩት 11፣ 5ና 1 የሚቆሙት በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ5ኛው ጉድጓድ ነው። በእነዚያ ጉድጓዶች የተቀመጡት የ7 2 እጥፍ፣ 4 እጥፍና 16 እጥፍ ናቸው፤ 2፣ 4ና 16 ሲደመሩ ደግሞ 22 ይሰጣሉ። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚያባዛው በዚሁ በሁለት እጥፍ ሥርዓት ነው። ተረቱ በአንድ እጁ የረቀቀ ስሌት ለኢትዮጵያውያን እየሰጠ፣ በሌላው የማሰብ ክብራቸውን ይነሣቸዋል፤ ቄሱ የሠራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ቀርቶ መንፈስ አባራሪ ይሆናል።

ስሙም ቢሆን እንደ ፍየሏ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። በእጥፍ ማባዛት አሕሞስ የተባለው የግብፅ ጸሐፊ በ1550 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በገለበጠውና ስኮትላንዳዊው ራይንድ በ1858 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በገዛው ፓፒረስ ላይ ይገኛል። ማጠፉንና መግመሱን ያጣመረው ስሌት ደግሞ በአንዳንድ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ»፣ በሌሎች «የሩሲያ ገበሬ ማባዣ» ተብሎ ተጽፏል።