ቆሞ የሚገፋውን ቫኪዩም የሠራው ማን መሰላችሁ?

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከዓረብ አገር ደወለች። «ቲቸር፣ ቫኪዩሙ አልስብ አለ፤ ሰበርሽው ብለው ከደሞዜ ሊቆርጡ ነው።»

እስኪ ታሪኩን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1907 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጄምስ ስፓንግለር የሚባል አስም ያለበት የሱቅ ጽዳት ሠራተኛ አቧራው ቢያስቸግረው ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ ቆሞ የሚገፋ ቫኪዩም ሠራ። በ1908 ፓተንት አወጣበት። ስም ሆኖ የቀረው ግን የገዛው የሁቨር ነው።

ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። በትራስ ልብሱ ቦታ ያለው ከረጢት ከሞላ አየር አያልፍም፤ አይስብም። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት። ከረጢቱን፣ ቀጥሎ ቱቦውን እዩ። ብሩሹ ካልዞረ ፀጉር ተጠምጥሞበት ወይ ችንጋው ተበጥሶ ነው።

የልጅቷ ከረጢት ጢም ብሎ ነበር፤ ምንም አልሰበረችም!

ከሐይቅም ከአምባሰልም የሄዳችሁ ልጆቼ፣ ይህን ቆሞ የሚገፋ ማሽን የሠራው እንደናንተው የጽዳት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። አትፍሩት።